ሦስተኛው ሸክም፦ የሆድ ድርቀትና የእናቶች ጤና

ከዚህ በታች የምታነቡት በደጋፊዎቻችን ስብሰባ ላይ አንዲት አዋላጅ ነርስ ያደረገችው ንግግር ነው። በስብሰባው ላይ ያልተገኙ አንባብያንም እንዲጠቀሙበት በማሰብ ሙሉውን አትመነዋል።



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ በማዕድ ዙሪያ የሚነሣ አይደለም፤ በጉባኤ ፊትም ብዙ ጊዜ አይነገርም። ጉዳዩ የሆድ ድርቀት ነው። አንዳንዶቻችሁ «በአገራችን ስንት ከባድ በሽታ እያለ ስለ ሆድ ድርቀት ልንሰማ ነው ወይ የተሰበሰብነው?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴም አጭር ነው። ማኅፀናቸው ወርዶ፣ ሽንታቸው እያመለጣቸው፣ ከዕድሩም ከጸሎት ቤቱም ርቀው በየገጠሩ የሚኖሩ እናቶች አሉ። ወደዚህ ሁኔታ ካደረሷቸው ነገሮች አንዱ ይህ ቀላል የሚመስለው የሆድ ድርቀት ነው። ማንም አይጠይቃቸውም፤ እነርሱም አይናገሩም። ሳንናገረው ስለምንቀር፣ ልንከላከለው የምንችለው ጉዳት በየቀኑ ይደርሳል።

ስለዚህ ለዛሬ ኀፍረትን ወደ ጎን አድርገን እንነጋገር። ወንዶችም «ይህ የሴቶች ጉዳይ ነው» ብላችሁ ጆሮአችሁን እንዳትዘጉ እለምናችኋለሁ። ጀሪካኑን የሚገዛው፣ መጸዳጃ ቤቱን የሚቆፍረው፣ ሚስቱን ወደ ሐኪም ቤት የሚወስደው ወይም የሚያስቀረው ብዙውን ጊዜ ወንድ ነውና።

የማይታየው ጠፍር

በመጀመሪያ ስለ ሰውነታችን አሠራር ጥቂት ልበል። የዳሌ አጥንት ታቹ ክፍት እንደ ሆነ ቅርጫት ነው። ያን ክፍት ቦታ የሚሸፍነው አጥንት ሳይሆን ጡንቻ ነው። ሐኪሞች የዳሌ ወለል ይሉታል። ከፊት ካለው አጥንት ተነሥቶ ከኋላ እስከ ጭራ አጥንት ድረስ የተወጠረ ነው። የገጠሩን የጠፍር አልጋ የምታውቁ ሁሉ በቀላሉ ይገባችኋል። አልጋውን የሚይዘው እንጨቱ ነው፤ የተኛውን ሰው የሚሸከመው ግን ጠፍሩ ነው። ጠፍሩ በደንብ እስከ ተወጠረ ድረስ አልጋው ያሳርፋል። ጠፍሩ የላላ እንደ ሆነ ግን እንጨቱ ምንም ያህል ቢጠነክር የተኛው ሰው ወደ ታች ይሰምጣል።

በዚህ ጠፍር ላይ በሴቶች ዘንድ ሦስት ነገሮች ያርፋሉ። ከፊት የሽንት ፊኛ፣ ከመካከል ማኅፀን፣ ከኋላ ደግሞ የትልቁ አንጀት መጨረሻ ናቸው። የሦስቱም መውጫ በዚሁ ጠፍር መካከል ያልፋል። እንግዲህ ይህ ጡንቻ ሁለት ተቃራኒ ሥራ አለው ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ አጥብቆ ይይዛል፤ በጊዜው ደግሞ ላልቶ ያሳልፋል። በተለይ ከፊት ተነሥቶ የአንጀቱን ጫፍ ከኋላ አቅፎ የሚመለስ እንደ ወንጭፍ ያለ ክፍል አለው። ወንጭፉ አንጀቱን ወደ ፊት ስቦ ስለሚያጥፈው ዓይነ ምድር ያለ ጊዜው አይወጣም። ሰው ሲቀመጥና ሲዘጋጅ ወንጭፉ ይላላል፣ እጥፉ ይቃናል፣ ዓይነ ምድርም ያለ ችግር ይወጣል። ጤነኛ ሰው ይህን ሁሉ ሳያስበው ያደርጋል።

አንድ ቃል ለሁለት ነገር

ቋንቋችን እዚህ ላይ ትልቅ እውነት ይነግረናል። የወለደችውን ሴት «አማጠች» እንላለን፤ ሆዱ ደርቆ የተቸገረውንም ሰው «ያምጣል» እንላለን። ለሁለቱም አንድ ቃል ነው የምንጠቀመው። ሰውነትም ሁለቱን በአንድ ዓይነት መንገድ ነው የሚያደርጋቸው። ሰው ሲያምጥ ትንፋሹን ይይዛል፣ የሆዱን ጡንቻ ያጠብቃል፣ ግፊቱም ሁሉ ወደ ታች፣ ወደዚያው ጠፍር ይወርዳል።

ልዩነቱ ይህ ነው። አንዲት እናት የምትወልደው በሕይወቷ ጥቂት ጊዜ ነው። ሆዷ የሚደርቅባት ሴት ግን በየማለዳው ታምጣለች። በቀን 10 ደቂቃ የምታምጥ ሴት በዓመት ከ60 ሰዓት በላይ አማጠች ማለት ነው። ይህ 20 ዓመት ሲቀጥል ምን ያህል እንደሚሆን እናንተው አስሉት። በየቀኑ የሚወርደው ግፊት ጡንቻውንና ጅማቱን ቀስ በቀስ ያላላል፤ ጡንቻውን የሚያዝዘውንም ነርቭ ይለጥጣል። ነርቭ ደግሞ ብዙ ከተለጠጠ በኋላ እንደ ቀድሞው አያዝዝም።

ከዚህም የተነሣ የሚመጡት ችግሮች እነዚህ ናቸው። በሴቶች ላይ የፊኛው፣ የማኅፀኑ ወይም የአንጀቱ ግድግዳ ወደ ብልት ይወርዳል፤ ሲብስም ወደ ውጭ ይወጣል። ሲስቁ፣ ሲያስሉ ወይም ዕቃ ሲያነሡ ሽንት ያመልጣል። በወንዶችም በሴቶችም ላይ ኪንታሮት ይወጣል፤ አንዳንድ ጊዜም የአንጀቱ ጫፍ ራሱ ወደ ውጭ ይወጣል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ መንገዱ ወደ ኋላም መመለሱ ነው። የአንጀቱ ግድግዳ ወደ ብልት የወረደባት ሴት፣ ዓይነ ምድሯ በዚያ እንደ ኪስ በሆነው ቦታ ይቀርባታል። ስለዚህ እንደ ገና ታምጣለች፤ ባማጠች ቁጥርም ኪሱ ይሰፋል። አንዳንዶችም ብልታቸውን በጣታቸው ደግፈው ካልሆነ አይወጣላቸውም። ይህን ለባላቸው ቀርቶ ለእናታቸውም አይናገሩም። ሌሎች ደግሞ ከብዙ ማማጥ የተነሣ ጡንቻቸው ሥርዓቱን ይስታል፤ መላላት በሚገባው ጊዜ ይጠብቃል። በሩን ከውስጥ ይዞ ከውጭ እንደ መግፋት ነው። እንግዲህ ድርቀቱ ጠፍሩን ያበላሻል፤ የተበላሸውም ጠፍር ድርቀቱን ያብሳል።

ሦስቱ ሸክሞች

ነገሩን እንዳላጋንነው መጠንቀቅ ይገባኛል። የማኅፀን መውረድ ዋናው ምክንያት ወሊድ ነው። በተለይ ብዙ ጊዜ መውለድ፣ ምጥ መርዘምና በልጅነት መውለድ ጠፍሩን ይጎዳሉ። ዕድሜ ሲገፋና የወር አበባ ሲቆም የሥጋው ጥንካሬ ይቀንሳል። ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ሳልም ይጎዳል። በዚህ ላይ በአገራችን ገጠር የሸክሙ ነገር አለ። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል። እናቲቱ ይህን በጀርባዋ አዝላ ዳገት ትወጣለች፤ ማገዶውም እንዲሁ ነው። ከወለደችም በኋላ ረዳት ከሌላት ወዲያው ወደ ሸክሙ ትመለሳለች።

ስለዚህ በአንዲት የገጠር እናት ጠፍር ላይ ሦስት ሸክም ይወርዳል። አንደኛው የወሊድ ነው፤ ሁለተኛው የጀርባ ነው፤ ሦስተኛው የማማጥ ነው። የተወለደውን ልጅ ወደ ኋላ አንመልሰውም። የጀርባው ሸክም የሚቀንሰው ውኃ ሲቀርብ፣ መንገድ ሲሠራ፣ አህያ ሲገዛ ነው፤ ይህም ጊዜ ይወስዳል። ሦስተኛው ሸክም ግን ከነገ ጠዋት ጀምሮ ሊቀንስ ይችላል። ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ዋና ነገር ይህ ነው።

አንድ ነገርም ልለይ። ብዙ ሰዎች ይህን ከፊስቱላ ጋር ያደባልቁታል። ፊስቱላ በአብዛኛው በተራዘመ ምጥ የተነሣ በፊኛው ወይም በአንጀቱ ግድግዳ ላይ የሚፈጠር ቀዳዳ ነው፤ ሽንቱ ወይም ዓይነ ምድሩ ሳያቋርጥ ይፈስሳል። የሆድ ድርቀት ፊስቱላን አያመጣም። ሁለቱ ግን በኀፍረቱና በመደበቁ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ሕክምና አላቸው።

የእኛ እናቶች ሆድ ለምን ይደርቃል?

«የአገራችን ሰው ጤፍና ሽሮ እየበላ ሆዱ ለምን ይደርቃል?» ብላችሁ ብትጠይቁ ልክ ናችሁ። ምግባችን መልካም ነው። ሐኪሞች ፋይበር የሚሉት፣ እኛ አሰር የምንለው ነገር በእህላችን ውስጥ ሞልቷል። አሰር ማለት አንጀት የማይፈጨው የእህልና የአትክልት ክፍል ነው። ውኃ ይዞ ስለሚያብጥ ዓይነ ምድርን ያለሰልሳል። የጤፍ ፍሬ እጅግ ትንሽ ስለ ሆነች ገለባዋን ለይቶ መጣል አይቻልም፤ ከነምልክቷ ትፈጫለች። በ100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ 8 ግራም ያህል አሰር አለ። በነጭ የፉርኖ ዱቄት ውስጥ ግን 3 ግራም እንኳ አይሞላም። ተልባማ በ100 ግራም 27 ግራም ያህል አለው።

በዚህ ጉዳይ የዓለምን ሐኪሞች ካነቃቁት ሰዎች አንዱ ዶክተር ዴኒስ በርኪት ነው። በርኪት አየርላንዳዊ ቀዶ ሐኪም ሲሆን፣ በኡጋንዳ ለብዙ ዓመታት በእምነትና በትጋት አገልግሏል። በልጅነቱ አንድ ዓይኑን በአደጋ አጥቷል፤ ሆኖም የቀረችውን ዓይን በሚገባ ተጠቅሞባታል። እ.ኤ.አ. በ1958 በሕፃናት መንጋጋ ላይ የሚወጣውን፣ በኋላ በስሙ የተጠራውን የካንሰር ዓይነት ለዓለም አስታወቀ። ከዚያ በኋላ ሌሎች ሐኪሞች የሚጸየፉትን ጥናት ጀመረ፤ የሰዎችን ዓይነ ምድር መመዘን። እ.ኤ.አ. በ1972 ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ጽሑፍ የኡጋንዳ ገበሬዎች በቀን የሚያስወግዱት ከ400 ግራም በላይ ሲሆን፣ የእንግሊዛውያኑ ከ100 ግራም ብዙም እንደማያልፍ አሳየ። በገበሬው ሆድ ምግቡ የሚቆየው አንድ ቀን ተኩል ያህል ነበር፤ በእንግሊዛውያኑ ግን ከሦስት ቀን በላይ ይቆይ ነበር። በርኪት አሰር ይከላከላል ብሎ ካሰባቸው በሽታዎች ሁሉም እንዳሰበው አልተረጋገጡም። ስለ ሆድ ድርቀት የተናገረው ግን ጸንቶ ቆሟል። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር እንዲያገኝ ይመክራል።

ታዲያ አሰሩ ካለ ምን ጎደለ? በመጀመሪያ ውኃ ጎደለ። አሰር ያለ ውኃ ሥራውን አይሠራም። ውኃው ከሩቅ የሚመጣ ከሆነ እናቲቱ ለልጆቹ፣ ለከብቱና ለወጡ ታስቀራለች፤ ራሷ ግን ትጠማለች። ትልቁ አንጀት ሥራው ውኃ መምጠጥ ነው። የጠማው ሰውነት ከዓይነ ምድሩ ያለውን ውኃ ሁሉ ይመጥጣል፤ የቀረው እንደ ጠጠር ይደርቃል።

ሁለተኛው የጎደለው ቦታ ነው። ይህን በጥሞና እንድትሰሙኝ እለምናለሁ። መጸዳጃ ቤት በሌለበት መንደር ወንዱ በፈለገ ጊዜ ከዛፍ ጀርባ ይሄዳል። ሴቲቱ ግን እንዳትታይ ፀሐይ እስክትጠልቅ ትጠብቃለች፤ ወይም ጎሕ ሳይቀድ ትወጣለች። በመካከሉ ሰውነቷ ሲጠራት አምቃ ትይዛለች። ቀን ላለመቸገርም ሆን ብላ ውኃ አትጠጣም፤ እህልም ትቀንሳለች። ሰውነት በተፈጥሮው ከምግብ በኋላ፣ ይልቁንም ከጠዋቱ ቁርስና ቡና በኋላ፣ አንጀትን ያንቀሳቅሳል። ይህ ጥሪ በተደጋጋሚ ከተናቀ እየደከመ ይሄዳል። የቆየውም ዓይነ ምድር በየሰዓቱ ይደርቃል። ማታ በጨለማ፣ ጅብ እየፈራች፣ በችኮላ ስታምጥ ጠፍሯ ይላላል። በትምህርት ቤት ያሉ ልጃገረዶችም መጸዳጃው የቆሸሸ ወይም በር የሌለው ከሆነ እንዲሁ ያምቃሉ። በልጅነት የተለመደ ማመቅ ለጎልማሳነት ይተርፋል።

ሦስተኛው እርግዝና ነው። በእርግዝና ጊዜ አንጀት በተፈጥሮው ይዘገያል። ለደም ማነስ የሚሰጠው የብረት ክኒንም ሆድ ያደርቃል። ክኒኑ አስፈላጊ ነው፤ መተው የለበትም። ነገር ግን ስንሰጥ ስለ ውኃውና ስለ አትክልቱ አብረን ካልነገርናት፣ እናቲቱ ወይ ክኒኑን ትጥለዋለች፣ ወይ ለማማጥ ትዳረጋለች።

በከተማ ያለን ሰዎች ደግሞ በሌላ መንገድ ወደዚያው እንደርሳለን። ነጭ ዳቦ፣ ፓስታና ሩዝ በዝቷል፤ ቀኑን ሙሉ መቀመጥም እንዲሁ። መንገድ ስለሚርቅ፣ ሥራ ስለሚበዛ «ማታ ቤቴ እሄዳለሁ» ብለን እንይዛለን።

ምን ይደረግ?

የሆድ ድርቀት መኖሩ በምን ይታወቃል? በየቀኑ አለመሄድ ብቻውን በሽታ አይደለም። በቀን ሦስት ጊዜ የሚሄድም፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚሄድም ጤነኛ ሊሆን ይችላል። በሳምንት ከሦስት ጊዜ ያነሰ ከሆነ፣ እንደ በግ በጠጥ የደረቀ ከሆነ፣ ካላማጡ የማይወጣ ከሆነ፣ ወጥቶም የቀረ የሚመስል ከሆነ ድርቀት ነው።

መፍትሔውን በስድስት ነጥብ እነግራችኋለሁ።

አንደኛ፣ ምግብ። ጤፍ፣ ገብስ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ጎመን፣ ቆሎ፣ ቂንጬ፣ በሶ ሁሉ መልካም ናቸው። ተልባ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በውኃ ተበጥብጦ ማታ ቢጠጣ ሆድን ያለሰልሳል። አራስ ገንፎውና አጥሚቱ እንዳለ ሆኖ፣ ጎመንና ምስርም ይጨመርላት። አሰር የለመደ ሆድ ከሌለ ግን ቀስ በቀስ ይጨመር፤ በአንድ ጊዜ ቢበዛ ሆድ ይነፋል።

ሁለተኛ፣ ውኃ። ሽንት ነጣ እስኪል ድረስ መጠጣት በቂ መመዘኛ ነው። የምታጠባ እናት ከሌላው ይበልጥ ያስፈልጋታል።

ሦስተኛ፣ ጊዜ። ከቁርስ በኋላ ሳይቸኩሉ መቀመጥ፤ ሰውነት ሲጠራም ሳያቆዩ መሄድ።

አራተኛ፣ አቀማመጥ። አያቶቻችን ቁጢጥ ብለው መቀመጣቸው ጥበብ ነበር። ሰው ቁጢጥ ሲል ያ ወንጭፍ ያጠፈው አንጀት ይቃናል። በዘመናዊ መቀመጫ የምትጠቀሙ ከእግራችሁ በታች አጭር በርጩማ አድርጉ፤ ጉልበታችሁ ከዳሌያችሁ ከፍ ይበል፣ ወደ ፊትም ዘንበል በሉ።

አምስተኛ፣ ትንፋሽ። ትንፋሽ ይዞ መግፋት ይቅር። ሆድን ለቀቅ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ እየተነፈሱ መጠበቅ ይሻላል። ካልመጣ ተነሥቶ በሌላ ጊዜ መመለስ ነው። ጀሪካን ስታነሡም እንዲሁ አድርጉ፤ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ፣ ጠፍራችሁን አጥብቃችሁ፣ እየተነፈሳችሁ አንሡ።

ስድስተኛ፣ ጠፍሩን ማጠንከር። አሜሪካዊው የማኅፀን ሐኪም አርኖልድ ኬገል እ.ኤ.አ. በ1948 ያስተዋወቀው እንቅስቃሴ ዛሬም በመላው ዓለም ይሠራበታል። ሽንትንና ጋዝን እንደሚይዝ ሰው ጡንቻውን ወደ ላይ ስቦ አምስት ሰከንድ ያህል መያዝ፣ ከዚያም ያንኑ ያህል ፈጽሞ ማላላት ነው። አሥር ጊዜ ደጋግሞ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ይሠራ። ማላላቱ ከመሳቡ እኩል አስፈላጊ ነው። ቡና እየቆሉ፣ እንጀራ እየጋገሩም ይቻላል፤ ማንም አያይም። ለውጡ የሚታየው ግን ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ስለ ሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጡንቻዋ መላላት የተሳነው ሴት ግን መሳቡን ከማብዛቷ በፊት ባለሙያ ታማክር።

ስለ ባህል መድኃኒትም አንድ ቃል። ኮሶ የጥገኛ ትል መድኃኒት እንጂ የሆድ ድርቀት መድኃኒት አይደለም። የጉሎ ዘይትና የመሳሰሉት ብርቱ ማስቀመጫዎች ለነፍሰ ጡር ያሰጋሉ። በጤና ጣቢያ የሚሰጡ፣ ዓይነ ምድርን የሚያለሰልሱ መድኃኒቶች ስላሉ እነርሱን መጠየቅ ይሻላል።

ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶችም አሉ። ደም ከታየ፣ ሰውነት ያለ ምክንያት ከከሳ፣ በጎልማሳነት ዕድሜ የሆድ ጠባይ በድንገት ከተለወጠ መመርመር ይገባል። ሆድ ተነፍቶ፣ ጋዝ እንኳ አልወጣ ብሎ፣ ከቁርጠትና ከማስመለስ ጋር ከሆነ ግን የአንጀት መዘጋት ወይም መጠምዘዝ ሊሆን ይችላል። ይህ በአገራችን የሚታወቅ አደገኛ በሽታ ነው። ቤት ውስጥ ማስቀመጫ ማጠጣት አይገባም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

ለተጎዱትም ተስፋ አለ

ጠፍራቸው አስቀድሞ ለተጎዳባቸው እናቶች ብዙ ሊደረግ ይቻላል። ጉዳቱ ቀላል ሲሆን እንቅስቃሴውና የድርቀቱ መታከም ብዙ ይረዳል። ከባድ ሲሆን ማኅፀኑን ደግፎ የሚይዝ ቀለበት በብልት ውስጥ ይደረጋል፤ ወይም በቀዶ ሕክምና ይጠገናል። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አገራችን መጥተው፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ማቋቋማቸውን ታውቃላችሁ። ባልየው እ.ኤ.አ. በ1993፣ እርሳቸውም እ.ኤ.አ. በ2020 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል፤ ሥራቸው ግን አልቆመም። በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ቅርንጫፎች ተከፍተዋል። ከፊስቱላ ሌላ ማኅፀናቸው የወረደባቸውን እናቶችም ያክማሉ።

ነገር ግን አስተውሉ። ማኅፀኗ የተጠገነላት እናት ወደ መንደሯ ስትመለስ ያው ጀሪካን፣ ያው ጥም፣ ያው የጨለማ ጥበቃ ይጠብቃታል። ሐኪሞች ከቀዶ ሕክምና በኋላ «አታምጪ፣ ከባድ ነገር አታንሺ» ይሏታል። ምክሩ ትክክል ነው። ግን ውኃ በሌለበትና መጸዳጃ በሌለበት ቤት እንዴት ትፈጽመው? ያልተለወጠ ኑሮ የተሰፋውን መልሶ ያላላዋል።

እናንተስ?

እናንተ የዚህ ሥራ ደጋፊዎች የምትሰጡት ስጦታ አንዳንዱ ለጉድጓድ ውኃ፣ አንዳንዱ ለመጸዳጃ ቤት፣ አንዳንዱ ለእናቶች ሕክምና ይውላል። በሒሳብ መዝገብ ላይ ሦስት የተለያዩ መሥመሮች ናቸው። በአንዲት እናት ሰውነት ላይ ግን አንድ ናቸው። በር ያለው መጸዳጃ ቤት ለአንዲት ሴት የቀን ብርሃንን ይሰጣታል፤ ሰውነቷ በጠራት ጊዜ መሄድ ትችላለች። ቅርብ የሆነ ውኃ ሁለት ሸክም በአንድ ጊዜ ያነሣል፤ የጀርባዋንም የማማጧንም። ስለዚህ «መጸዳጃ ቤት ለዝንብና ለተቅማጥ መከላከያ ነው» ብቻ አትበሉ። ሲሠራም በሩ፣ መወርወሪያውና ከቤት ያለው ርቀት ሴቶቹ ተጠይቀው ይወሰን። በር የሌለውን መጸዳጃ ቤት ሴት አትገባበትም።

እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። መጸዳጃ ቤት እንዲቆፈር ያስተምራሉ፤ ነፍሰ ጡሮችንም ይከታተላሉ። ከእነርሱ ጋር የምትሠሩ ሁሉ አንድ ጥያቄ እንዲጨምሩ ንገሯቸው፦ «እኅቴ፣ ሆድሽ ይደርቃል ወይ? የሚከብድሽ፣ ወደ ታች የሚወርድብሽ ነገር አለ ወይ?» ይህን ለመጠየቅ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። ብዙ እናቶች ዓመታት ሙሉ የጠበቁት ይህን ጥያቄ ነው። ስንጠይቃቸው በመጀመሪያ ዝም ይላሉ፤ ከዚያ ዓይናቸው እንባ ይሞላል፤ ከዚያ «ይህ በሽታ ነው እንዴ? እኔ ዕጣዬ መስሎኝ ነበር» ይላሉ። በሽታ ነው፤ ስም አለው፤ ሕክምናም አለው። ቁጣም እርግማንም አይደለም።

በቤታችሁም ከራሳችሁ ጀምሩ። እናቶች፣ ለሴት ልጆቻችሁ ስለ ወር አበባ እንደምትነግሯቸው ስለዚህም ንገሯቸው። አባቶች፣ ከወለደች ገና ጥቂት ሳምንት በሆናት ሴት ጀርባ ላይ ጀሪካን አይታይ። የአራስነት ዕረፍት የአባቶቻችን መልካም ሥርዓት ነውና አትንፈጓት። አያቶቻችንም ዝም ብለው እየተሠቃዩ እንዳይሆን በቀስታና በአክብሮት ጠይቋቸው።

ወሊድ ሸክም ነው፤ ውኃ መቅዳትም ሸክም ነው። ሁለቱን ለማቅለል ገና ብዙ ዓመት እንደክማለን። ሦስተኛውን ግን በአንድ ጣሳ ውኃ፣ በአንድ ጭልፋ ጎመን፣ በአንድ መጸዳጃ በር ማቅለል እንችላለን። ከዛሬ እንጀምር።